ወላዋዩ ማን ነው? ስለ ጎጃም መራጭ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጎጃም መራጭ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየተቀባበለ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ያላየው ሰው ጥቂት ነው ብዬ እገምታለሁ። ለእኔም የተለያዩ ሰዎች ላኩልኝ። አንዳንዱ ተናዶ፣ አንዳንዱ «እውነቱን ነው የተናገረው» ብሎ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን ያነበበና ያሰበበት ሰው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ በስድብ ሳይሆን ነጥብ በነጥብ መመለስ ይገባል።

መጀመሪያ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። የጎጃም መራጭ ወላዋይ ነው ይላሉ። በ1992 ንብን፣ ማለትም የኢሕአዴግን ምልክት፣ መረጠ፣ በ1997 ወደ ተቃዋሚው ቅንጅት ሄደ፣ በ2002 ወደ ንብ ተመለሰ፣ በ2007ም ንብን መርጦ በ2008 ያንኑ ፓርቲ ተቃውሞ አደባባይ ወጣ። እንዲህ ያለውን መራጭ አምኖ የሚሠራለት ፓርቲ ስለማይገኝ አካባቢው ተጎዳ ባይ ናቸው። ቀጥለው፣ ክልልና ፌዴራል በአንድ ፓርቲ እጅ ካልሆኑ በጀትም ልማትም አይመጣም ይላሉ። ተጠያቂነት በፓርቲ ውስጥ በግምገማ የሚፈጸም ነው፤ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድሮች በየጊዜው መነሣታቸውም ለዚህ ማስረጃ ነው ይላሉ። የምክር ቤት አባል በፓርቲው ምልክት ስለተመረጠ፣ የፓርቲውን አቋም ከተቃወመ መራጩን ከድቷል የሚልም ነጥብ አላቸው። በመጨረሻም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ገዢን መጠየቅ በባህላችን ስለሌለ ምርጫ የከተማ ሰው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል ብለው ይዘጋሉ።

ሰው ሁሉ የተቀባበለው የመጀመሪያውን ነጥብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ድምፅ መቀየር ጥፋት የሚሆነው መራጩ ለፓርቲው የዕድሜ ልክ ቃል ገብቶለት ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ቃል የገባ መራጭ የለም። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን ዘመን አምስት ዓመት ያደረገው መራጩ በየአምስት ዓመቱ እንደገና እንዲያስብበት ነው። ሐሳቡን መቀየር የማይችል ከሆነማ ተመልሶ መጠየቁ ምን ይፈይዳል?

ጸሐፊው ዓመቶቹን ደርድረዋል፤ በዓመቶቹ መካከል የሆነውን ግን ዘለውታል። በ1989 በክልሉ መሬት እንደገና ሲከፋፈል ጎጃም ውስጥ የሆነውን የማያስታውስ የገበሬ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር በኃላፊነት የሠራ ሰው «ቢሮክራት» ተባለ። ማሳው ተቆርጦ አራት ጥማድ ቀረለት፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። ልጆቹን በዚያችው ላይ አሳደገ። ያ ሰው በ1992 የምርጫ ወረቀት ሲሰጠው ወረቀቱ ላይ የረባ አማራጭ አልነበረውም። በ1997 ግን ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተላለፈ፣ ተቃዋሚ በነጻነት ገጠር ድረስ ገብቶ ቀሰቀሰ። ገበሬውም የስምንት ዓመት ብሶቱን በወረቀት ተናገረ። ይሄ ቂምን በሰላም መወጣት ነው። የሚያስመሰግነውን ነገር ነው ወላዋይነት ያሉት።

ከ1997 ወደ 2002 የተደረገው «መመለስ» የሚሉት ደግሞ መመለስ አልነበረም። ከ1997 ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ፓርቲውም ተበታተነ። በ2001 የሲቪል ማኅበራት አዋጁና የፀረ ሽብር አዋጁ ወጡ። በገጠር ልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ቤት ለቤት ገባ። በ2002 ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ። አንዱን መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ አዲስ አበባ ላይ አገኘ፣ አንዱን አንድ የግል ተወዳዳሪ። በ2007 እነዚያ ሁለቱም ቀሩና 547ቱም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ሌላው ዕቃ ከገበያ ከተነሣ በኋላ በቀረው ላይ የተሰለፈን ሰው «ወደደው» አይሉትም።

ደግሞ የመቀመጫ ቁጥርና የሕዝብ ልብ አንድ አይደሉም። የእኛ ምርጫ በአብላጫ ድምፅ ነው። በአንድ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ለሌላ የተሰጠው ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም። የመቶ በመቶው ውጤት በግንቦት 2007 ነበር። ከዚያ አሥራ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008፣ ባሕር ዳር ላይ ሰው በሰልፍ ወጣ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። ተቃውሞው በደብረ ማርቆስም፣ በሌሎች የጎጃም ከተሞችም ቀጠለ። መንግሥት በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። ይህን ሁሉ ሰው በወረቀት ሊለው ይችል ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚባልበት ቦታ ስላጣ በእግሩ ወጥቶ አለው፤ ብዙ እናትም ልጇን ቀበረች። ጸሐፊው ይህን በወላዋይነት ዝርዝር ውስጥ ማስገባታቸው ነው በጣም ያሳዘነኝ።

እስቲ አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። ማን ነው የተቀያየረው? ክልሉን ሲመራ የኖረው ፓርቲ ኢሕዴን ነበር፤ በ1986 ብአዴን ሆነ። በመስከረም 2011 አዴፓ ተባለ። በ2012 ደግሞ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ሆነ። በ2007 መራጩ ምልክት ያደረገው በንብ ላይ ነበር። በ2012 ንብ የሚባል ፓርቲ የለም። በንብ የተመረጡት ሰዎች ግን የአዲስ ፓርቲ አባል ሆነው እስከ 2013ቱ ምርጫ በዚያው ወንበር ተቀመጡ። መራጩን የጠየቀው የለም። ፓርቲ የመዋሐድ መብት አለው፤ ለውጡንም በጊዜው ብዙ ሰው በደስታ ተቀብሎታል። ይህን አልክድም። ስም፣ ምልክትና ርዕዮተ ዓለም በስብሰባ አዳራሽ የቀየረው ፓርቲ ሆኖ ሳለ ግን «ወላዋይ» የሚለውን ስም ለገበሬው መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በተቃዋሚው በኩልም ያው ነው። በ2013 ምርጫ አብንም ኢዜማም ለተወካዮች ምክር ቤት ጥቂት መቀመጫ አገኙ። በ2014 የሁለቱም መሪዎች ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ገቡ። ለአገር ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። መንግሥትን ይቆጣጠርልኛል ብሎ የመረጣቸው ሰው ግን ስለ ውሳኔው ተጠይቆ አያውቅም። ሕንድ በምክር ቤት አባላት ፓርቲ መቀያየር ተቸግራ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላለች። ከተመረጠበት ፓርቲ በገዛ ፈቃዱ የወጣ አባል ወንበሩን እንዲያጣ ነው ያደረገችው። ሕጉ ቀዳዳ አለው፤ ያም ሆኖ ችግሩ ከመራጩ ሳይሆን ከተመራጩ መሆኑን አውቀው የጻፉት ነው።

ሕንድን ካነሣን አይቀር ራጃስታን የሚባለውን ክፍለ ሀገሯን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2023 ባሉት የክፍለ ሀገር ምርጫዎች መራጩ አንዴ ቢጄፒን፣ አንዴ ኮንግረስን እያፈራረቀ መርጧል። ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ በተከታታይ አንድም ጊዜ አልቀጠለም። እዚያ ፓርቲዎቹ «ወላዋይ ነው» ብለው ሕዝቡን አልተዉትም። ይልቁንም ነገ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሹም ዛሬ ምን ሠርቼ ልታይ ይላል። የጸሐፊው ሐሳብ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ፓርቲ የሚሠራው ለማይለቀው ሰው ሳይሆን ሊለቀው ለሚችል ሰው ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ። በ1997 ብዙ ሰው ቅንጅትን የመረጠው ፕሮግራሙን አንብቦ አይደለም፤ ኢሕአዴግን ጠልቶ ነው። ተቃዋሚዎችም ያንን ድምፅ ይዘው ፓርላማ እንግባ አንግባ ሲባባሉ ተሰነጣጠቁ። ያ ክፍፍል ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ጸሐፊው በሚገባ ጽፈውታል፤ ልክ ናቸው።

ወደ በጀቱ ልለፍ። ክልሎች ከፌዴራል በሚመጣ ድጎማ ላይ በእጅጉ ጥገኛ ናቸው፤ ይህም እውነት ነው። ገንዘቡ ግን የፓርቲ ስጦታ አይደለም። የድጎማ ቀመሩን የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቀመሩም የሕዝብ ብዛትንና የመሳሰሉትን ይቆጥራል እንጂ ክልሉ ማንን እንደመረጠ አይጠይቅም። «የእኛን ሰው ካልመረጣችሁ በጀት የለም» የሚል ባለሥልጣን ካለ ሕግ እየጣሰ ነው። መፍትሔውም እሱን መጠየቅ ነው እንጂ ለእሱ ብሎ መምረጥ አይደለም።

በሰኔ 2013 ምርጫ መራጩ ሁለት ወረቀት ነበር የተሰጠው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ሰው እየተጋፋ በስልኩ ሲያነሣ አይቻለሁ። አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የቱ የክልል፣ የቱ የፌዴራል እንደሆነ ያጠገባቸውን ልጅ ይጠይቁ ነበር። ሁለት ወረቀት የተሰጠው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ ነው። መልሱ አንድ እንዲሆን ማንም አላዘዘም። ሌላው ዓለምም እንዲህ ያደርጋል። ዴልሂ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ቢጄፒ የፌዴራሉን ሰባቱንም መቀመጫ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያው መራጭ ለከተማዋ ምክር ቤት ከ70 መቀመጫ 67ቱን ለአም አድሚ ፓርቲ ሰጠ። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ሌጎስ ለፕሬዚዳንትነት ተቃዋሚውን ፒተር ኦቢን መረጠች። ሳምንታት ቆይቶ ለአገረ ገዢነት የገዢውን ፓርቲ ሰው መልሳ መረጠች። መራጩ ግራ ስለገባው አይደለም። ይሄኛው ለዚህ፣ ያኛው ለዚያ ብሎ ለይቶ ነው።

ጸሐፊው «ዴልሂም ቢሆን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ስትጋጭ ኖራለች» ሊሉኝ ይችላሉ። አዎ፣ ተጋጭታለች፤ ሥራም ተጓትቷል። እኔ ግን የአንድ ፓርቲ መሆንን ውጤት ለማየት ዴልሂ መሄድ አያስፈልገኝም። በእኛ አቆጣጠር 2015ን ማስታወስ ይበቃኛል።

በ2015 ፌዴራሉ፣ ክልሉ፣ ዞኑ፣ ወረዳው፣ ቀበሌው ሁሉም በአንድ ፓርቲ እጅ ነበር። የክረምቱ መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፋ። ነገሩን በቅርብ ላላየ ሰው እንዴት እንደሚሆን ልንገረው። ዲኤው፣ ማለትም የግብርና ባለሙያው፣ በየቀበሌው ማን ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ይመዘግባል። ቁጥሩ በወረዳና በዞን አልፎ ክልል ይደርሳል። ከውጭ የሚገዛው የፌዴራል ኮርፖሬሽን ነው። በጅቡቲ ገብቶ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል አልፎ፣ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ይወርዳል። ገበሬው የሚያውቀው መጋዘኑን ነው። ሌሊት ተነሥቶ አህያውን ነድቶ ይመጣል። በሩ ላይ ደብተር የያዘ ልጅ አለ፤ «ከዞን አልተለቀቀም» ይለዋል። ዞን ሲሄድ ክልል ይሉታል። ክልል «ፌዴራል ግዢውን አዘገየው» ይላል፣ ፌዴራል ደግሞ «ችግሩ ስርጭቱ ላይ ነው» ይላል። በቆሎ ቀጠሮ አይሰጥም። መዝሪያው ሲደርስ ይዘራል፣ ጉልበት ላይ ሲደርስ ዩሪያ ይፈልጋል፤ ያ ሳምንት ካለፈ ዩሪያው ቢመጣም አይጠቅምም። በዚያ ዓመት ገበሬዎች ከምዕራብ ጎጃም ተነሥተው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ።

አንድ ፓርቲ መሆኑ ማዳበሪያውን አላመጣም። እንዲያውም ጉዳት ነበረው። ክልሉ በሌላ ፓርቲ እጅ ቢሆን ኖሮ፣ ርዕሰ መስተዳድሩ በማግስቱ በቴሌቪዥን ወጥቶ ፌዴራሉ መቼ እንዳዘዘ፣ ስንት እንደላከ በቀን በቀን ይዘረዝር ነበር። ፌዴራሉም ክልሉ መቼ ተረክቦ ለማን እንዳከፋፈለ ያወጣ ነበር። በሁለቱ ክርክር መሐል ገበሬው እውነቱን ያገኝ ነበር። ሁሉም የአንድ ቤት ሰው ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያጋልጥም።

ሦስተኛው ነጥባቸው ግምገማ ነው። እዚህ ላይ ያቀረቡት ማስረጃ ራሱ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ከ2011 እስከ 2015 የአማራ ክልል አምስት ርዕሰ መስተዳድር ተሹሞለታል፤ ዶ/ር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶ/ር ይልቃል ከፋለ፣ አቶ አረጋ ከበደ። ዶ/ር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ ነፍስ ይማር። የእሳቸውን ከዚህ ክርክር እናውጣው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2013 ነው።

የተነሡት ደግሞ ወዴት ሄዱ? ከአምባቸው በፊት የነበሩት አቶ ገዱ አንዳርጋቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አቶ ተመስገን የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር፣ ኋላም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አቶ አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ሰዎቹን በግል ለመንቀፍ አይደለም። አንዳንዶቹ ሹመቱን አገር አስገድዶአቸው ተቀብለውት ሊሆን ይችላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በግምገማ «ድክመት ተገኝቶበት» የተነሣ ሰው ከፍ ወዳለ ወንበር ከሄደ፣ የተገመገመው በማን ሚዛን ነው? ምን አጥፍቶ ተነሣ? ምን ሠርቶ አደገ? ጎጃም ያለው ሰው ይህን የሚሰማው ከዜና ነው፤ ያውም ሹመቱን እንጂ ምክንያቱን አይሰማም።

ግምገማ ጥቅም የለውም አልልም። ማንኛውም ድርጅት ሰዎቹን መገምገም አለበት። ግን ገምጋሚውም ተገምጋሚውም አንድ ፓርቲ ሲሆን፣ ጥፋቱ የሚለካው ለፓርቲው ባደረሰው ጉዳት ነው። ለገበሬው ባደረሰው ጉዳት የሚለካው ገበሬው ሲገመግም ነው። የገበሬው ግምገማ ደግሞ ምርጫ ይባላል።

ይህን ስል አንድ ነገር ጸሐፊውም፣ ብዙ ተከራካሪም ሲያነሣው አልሰማሁም። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። የዘመኑ ልክ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያም እንደገና ተራዘመ። በ2013 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ የጎጃም ቀበሌና ወረዳ ግን አልመረጠም። በእናቴ ዕድሜ ያለ ሰው መታወቂያ ለማውጣት፣ የመሬት ክርክር ለማመልከት፣ ለልጁ የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት የሚሄደው ወደ ቀበሌ ነው። በየቀኑ የሚያገኘውን መንግሥት አልመረጠውም። በሚያዝያ 2005 የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል። «ሕዝቡ ወላዋይ ነው» ከማለት በፊት መጀመሪያ እዚህ ላይ እንዲወስን ይፈቀድለት።

የምክር ቤት አባል የፓርቲው ነው ለሚለው ነጥብ ረጅም መልስ አያስፈልግም፤ ሕገ መንግሥቱ መልሶታል። አንቀጽ 54 አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይደነግጋል። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መራጩ አመኔታ ካጣበት ሊያወርደው እንደሚችልም እዚያው አለ፤ አንቀጽ 12ም ይደግመዋል። አባሉ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንደማይከሰስም ተጽፏል። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለና የክልሉ ምክር ቤት አባሉ አቶ ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። አንዱ ከአብን ነው፤ አንዱ በገዢው ፓርቲ ምልክት የተመረጠ ነው። ስለ ክሱ ፍርድ ቤት ይናገር። እኔ የማስበው እነሱን የመረጠውን ሰው ነው። ወኪሉ ሲታሰር እሱንም የጠየቀው የለም፤ በቦታውም ሌላ እንዲመርጥ አልተደረገም። የፓርቲ ሥነ ሥርዓት እንደሚያስፈልግ እቀበላለሁ፤ በበጀትና በመተማመኛ ድምፅ ላይ ፓርቲ አንድ ላይ ካልቆመ መንግሥት አይቆምም። ማዳበሪያ ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ግን ፓርቲን መክዳት አይደለም፤ የተላኩበትን መሥራት ነው።

የቀረው ባህሉ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት አለ፤ አልክድም። ግን አንድ ተረት ብቻ ነው ያለን? በዚሁ ባህል መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤ ባለጠጋም ቢሆን። ሹማምንት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የሕዝቡን ሐሜት ያስጠይቁ ነበር። ሕዝቡ እንደሚፈርድባቸው ያውቁ ስለነበር ነው።

ጎጃምን በተመለከተ ደግሞ ከተረት ይልቅ ታሪኩ ይናገር። በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን ብቻ አልነበረም የተቃወመው። ግምቱን ተከትሎ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል ብሎ ሰጋ፤ በገማቾቹና በሹማምንቱ አድራጎትም ተማረረ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። መጀመሪያ አቤቱታ ይዘው ሽማግሌ ላኩ። የሰማቸው ሲጠፋ ነው ወደ ጫካ የገቡት። ጦር ዘመተባቸው፣ አውሮፕላንም መጣባቸው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም መጥተው ውዝፍ ግብር ማሩ።

ይህ የገዢን ተጠያቂነት የማያውቅ ሕዝብ ታሪክ ነው? ሹሙን ከቦታው አስነሥቷል። ግን ያስነሣው በደም ነው። ያን ጊዜ ፓርላማ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ገዢውን የሚሾመው ንጉሡ ስለነበር ገበሬው ሊያወርደው የሚችልበት ሰላማዊ መንገድ አልነበረውም። ሹሙ ሲነሣም ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተሾመ። ከላይ ስለ ርዕሰ መስተዳድሮቹ የተናገርኩትን ያስታውሳል። ባህሉ ውስጥ የጎደለው የመጠየቅ ፍላጎት አይደለም። የጎደለው ያለ ደም የሚጠየቅበት መንገድ ነው።

ምርጫ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው የሚለውንም ገጠሩ በየዓመቱ ያስተባብለዋል። መሠረታዊ ማኅበር የሥራ አመራሩን ይመርጣል፣ ሒሳብ ሲጎድል ያወርዳል። እድርም ዳኛውን ይመርጣል። እጁን አውጥቶ የጎረቤቱን ልጅ ከገንዘብ ያዥነት ያወረደ ገበሬ፣ ወኪሉን ለማውረድ ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ትልቅ እውነት ተናግረዋል። ዛሬ በጎጃም ብዙ ቀበሌ ኮሮጆ ይዞ መግባት አይቻልም ብለዋል። ልክ ናቸው። ከ2015 ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው ከቤቱ እንደወጣ የምንኖርበት እናውቀዋለን። ግን ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ምርጫ ይቅር» ማለታቸው ከምክንያቱ ጋር አይገጥምም። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን ሌላ፣ በየመንደሩ ግብርና መዋጮ ሲጠይቅ ገበሬው «በማን ፈቃድ?» ብሎ የሚጠይቅበት መድረክ ያስፈልገዋል። ያ መድረክ በጦርነቱ ምክንያት መዘግየቱ ሊገባኝ ይችላል። ከጦርነቱ በፊት ከ2010 እስከ 2015 ለምን እንዳልነበረ ግን ሊገባኝ አይችልም።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ብዙ አንባቢ አላቸው፤ የሚጽፉትን ሹማምንትም ያነቡታል። የሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ መራጩ ጠባይ ባይሆን እመርጣለሁ። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ መቼ እንደሚደረግ ለክልሉ ምክር ቤትም፣ ለምርጫ ቦርድም በአደባባይ ይጠይቁልን። መልሱ ከመጣ እኔም ልክ በዚሁ መንገድ አስተላልፈዋለሁ።